ሸማው ተሞግሶ ሸማኔው ለምን ይዋረዳል? — ስለ ልብስ ስሞች ዘርና መልክ

ቃል እንደ ሸማ ድርና ማግ አለው። ድሩ ከቀደመው ዘመን ተያይዞ የመጣው ሥር ነው፤ ማጉ በየትውልዱ እየተወረወረ የገባው ትርጉም ነው። ድሩን ብቻ ዘርግቶ «ሸማው ይኸውላችሁ» የሚልም፣ ማጉን ብቻ ጨብጦ ድሩን የሚክድም በእጁ ልብስ የለም። ስለ ልብስ ስሞች የሚካሄደው ክርክር ግን ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ ስሕተቶች በአንዱ ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ወገን የቃልን ዘር እየቆጠረ «ይህ ባዕድ ነውና ይውጣ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ለስሞቹ ደንታ ሳይኖረው ከጋቢ እስከ በርኖስ፣ ከኩታ እስከ ሽርጥ ያለውን ሁሉ «የባህል ልብስ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ይከታል። የመጀመሪያው በሰዋስው ስም፣ ሁለተኛው በባህል ስም ይናገራሉ። ውጤታቸው ግን አንድ ነው፤ ልብሱን የሠራው እጅ ከነገሩ ውጭ ይሆናል።

ለዚህ ክርክር ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅና ከአምባሰል ምድር የተሻለ ሸንጎ አይገኝም። የሐይቅ ስም ራሱ ምስክር ነው። በግዕዝ «ሐይቅ» ማለት የባሕር ዳርቻ፣ ጠረፍ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ውሃው ራሱ ሐይቅ ተባለ። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ከተማም፣ አጠገቡ የተኛው ውሃም፣ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ትምህርት ያስፋፉበት የእስጢፋኖስ ገዳምም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ቃሉ ከዳር ወደ መሐል ገባ፤ ዳርቻ የነበረው ባሕሩን ሆነ። ዛሬ የሐይቅን ሰው «ተሳስተሃል፤ ሐይቅ ማለት ዳርቻ ነው» ብሎ የሚገሥጽ ሊቅ ቢነሣ ትርፉ መሳቂያ መሆን ነው። የቃሉን ትርጉም የወሰነው ቃሉን ይዞ የኖረው ሕዝብ ነውና።

ይህ ማለት ግን የቃል ትርጉም እንደ ልብ የሚጣልና የሚነሣ ነገር ነው ማለት አይደለም። የአምባሰል ምድር ይህንንም አሳምሮ ያውቃል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚል ፈቃድ ሲሰጥ፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታን የሚያመጣ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ግስ ፈቃድና ግዴታ መካከል አንድ አገር በነጻነት መቆሙና በሌላው ጥላ ሥር መውደቁ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ የተነሣው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ተራሮች ላይ ተፈረደ። እንግዲህ ውጫሌን ያየ ሕዝብ «ስም ምን ያደርጋል?» ሲባል ዝም ብሎ ሊያልፍ አይገባውም።

ወደ ልብስ ስሞች ሲመጣ መነሻው «ልብስ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በግዕዝ «ለብሰ»፣ በዐረብኛ «ለቢሰ»፣ በዕብራይስጥ «ላበሽ»፣ በሱርስት «ልቤሽ»፣ በጥንታውያን ባቢሎናውያንና አሦራውያን ቋንቋ በአካድኛም «ለባሹ» ይባላል። እነዚህ ቋንቋዎች ቃሉን አንዱ ከሌላው ጓሮ የለቀሙት አይደለም፤ ከአንድ ጥንታዊ ቤት የተካፈሉት ርስት ነው። ስለዚህ «ልብስ ከዐረብኛ የመጣ ነው» የሚለው አባባል ወንድሙን አባቴ እንደ ማለት ነው።

አማርኛ ይህን ርስት ተቀብሎ አልተኛም። «ለበሰ» ካለ በኋላ «አለበሰ»፣ «ለባሽ»፣ «መልበሻ»፣ «አለባበስ» ብሎ አረባው። «አልባስ» የሚለው የግዕዝ ብዙ ቁጥር አልበቃ ብሎት ሌላ የብዙ ቁጥር ምልክት ደርቦ «አልባሳት» አለ፤ ብርድ ሲበረታ ኩታ ላይ ጋቢ እንደሚደረብ ማለት ነው። ብርድ ልብስ፣ አልጋ ልብስ፣ የደንብ ልብስ እያለ ቃሉን ከገላ ወደ ቤት ዕቃ፣ ከቤት ዕቃ ወደ ሥራ መለያ አሻገረው። በሰው ገላ ላይ ያረጀውን «ልባሽ» አለው። ተዋናይም በመድረክ ላይ የሌላውን ሰው ጠባይ ሲይዝ «ገጸ ባሕርዩን ተላበሰ» ይባላል። የቲያትር ባለሙያ የሥራውን ዋና ምሥጢር የሚገልጽበትን ቃል ከሸማኔው ደጃፍ እንዳገኘው ሊያስታውስ ይገባል።

የጎረቤት ቋንቋዎችም በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል። በትግርኛ ልብስ «ክዳን» ነው። አማርኛ ይህንኑ ቃል ለድስት መክደኛና ለቤት ጣሪያ ሣር አቆየው። ሥሩ መሸፈን የሚል ሲሆን፣ አንዱ ገላን ሲሸፍንበት ሌላው ጎጆን ሸፈነበት። በኦሮምኛ ልብስ «ኡፈታ» ይባላል። አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በሚገናኙበት በባቲ ገበያ እነዚህ ስሞች ጎን ለጎን ይሰማሉ፤ ሸማው ግን አንዱ ከአንዱ እጅ እየተገዛ ይለበሳል። ቋንቋ የሚያድገው በእንዲህ ያለው ገበያ ውስጥ እንጂ በር ተዘግቶ በሚደረግ የዘር ምርመራ አይደለም።

የ«ቀሚስ» ታሪክ ደግሞ ዘር ቆጣሪዎችን ጨርሶ የሚያሳፍር ነው። ቃሉ ወደ ኢትዮጵያ የገባው «ቀሚስ» ከሚለው ዐረብኛ ነው። ዐረብኛውም የራሱ አይደለም፤ ምንጩ «ካሚሲያ» የሚለው የኋለኛው ዘመን ላቲን ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ሊቁ ጀሮም ቃሉን የወታደሮች የዘወትር አነጋገር አድርጎ ጠቅሶታል። ስለዚህ ዛሬ የሙሽራ ማዕረግ የሆነው ቃል የሮማ ወታደር ከውስጥ የሚለብሰው እጀ ጠባብ ስም ነበር። በቁርኣን የዩሱፍ ምዕራፍ ላይ የወንድሞቹ ተንኮል ምልክት የሆነው ልብስ «ቀሚስ» ይባላል፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም አባቱ ለዮሴፍ ያደረገለት ባለ ኅብር ልብስ «ቀሚስ» ነው። በወሎ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው በሚኖሩበት አገር፣ የአንድ ታሪክ አንድ ልብስ በሁለቱም መጻሕፍት በአንድ ስም ይጠራል። እዚህ ላይ «ቃሉ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ማዕዱን ለመክፈል ካልሆነ በቀር ለምን ይጠቅማል?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ያው «ካሚሲያ» በፈረንሳይ አፍ «ሸሚዝ» ሆነ። ፈረንሳይኛም ከባቡር ሐዲዱና ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ጋር በኢትዮጵያ በተሰማበት ዘመን ቃሉ ከነድምፁ ወደ አማርኛ ገባ። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰ ነው። ስለዚህ «ቀሚስ» እና «ሸሚዝ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ታላቁ በቀይ ባሕር፣ ታናሹ በባቡር መጡ። አንዱ የሴት ልብስ ሆነ፤ ሌላው የወንድ። ባልና ሚስት በዓል ለማክበር ሲወጡ አንድ ቃል ሁለት መልክ ይዞ በአንድ ደጃፍ ይወጣል። ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ቃል እስከ ጥንታዊው የአየርላንድ ጌሊክ ቋንቋ ድረስ ዘልቆ «ካምሴ» ተብሎ እንደ ነበር የቋንቋ ሊቃውንት መዝግበዋል። የዓለም ሕዝቦች እርስ በርስ የተዋሱት ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ ስሙንም ጭምር ነው።

ይህን ሁሉ ያላዩ ሰዎች ግን ሁለት ዓይነት አቋም ይይዛሉ። አንዳንዱ የውሰት ቃልን እንደ ነውር ቆጥሮ ዘር ሊፈጥርለት ይሞክራል። ድምፅ ስለ ተመሳሰለ ብቻ «ቀሚስ» ከ«ቀመሰ» የወጣ ነው የሚል ትርጓሜ ቢሰጥ፣ የሚያደምጠው ለጊዜው ሊደነቅ ይችላል፤ የሚማር ልጅ ግን ተበደለ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላት፣ እንዲሁም በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት የቃልን ሥር ከዘመድ ቋንቋዎች ጋር እያነጻጸሩ መፈለግን ያስተማሩ ሥራዎች ናቸው። እነዚህ መጻሕፍት በትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው ሳለ የቃል ዘር በግምት የሚታደልበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ሌላው ደግሞ «ስሙ የውጭ ከሆነ ነገሩም የውጭ ነው» ይላል። ይህ አስተሳሰብ በርኖስን ይመልከት። ስሙ ዐረብኛ ነው። በጉ ግን የመንዝ በግ ነው፤ ጸጉሩን የፈተለችው የመንዝ ሴት፣ የሠራው የመንዝ እጅ፣ የሚከላከለውም የመንዝን ውርጭ ነው። ሻሽን ይመልከት፤ በዐረብኛ የስስ ጨርቅ ስም ነው፤ የወሎ ሴት ስታስረው ግን አስተሳሰሩ የእርሷ ነው። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይምጣ፤ «ዐስኬማ» የግሪክ ቃል ነው፤ «ምንኩስና» ራሱ ከግሪክ የተገኘ ነው። ታዲያ ከ700 ዓመት በላይ በዚያ ውሃ ዳር መጽሐፍ የጻፈ፣ ተማሪ ያስተማረ ሥርዐት ባዕድ ነው ሊባል ነው? በጌታና በጀማ ንጉሥ የተስፋፋው የእስልምና ትምህርት ከዐረብኛ ቃላት ጋር ስለ መጣ የወሎ አይደለም ሊባል ነው? ቃል ዜግነት የሚያገኘው በትውልድ ቦታው አይደለም፤ በሠራው ሥራ ነው።

የልብስ ስም ከሕዝብ ክብር ጋር እንዴት እንደሚታሰር ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይበቃል። በስኮትላንድ ደጋ የሚኖሩ የጌሊክ ተናጋሪዎች ብርድ ልብስን «ፕላይጅ» ይሉታል። ያንኑ ብርድ ልብስ በትከሻቸው ጣል አድርገው፣ በወገባቸው ታጥቀው ይሄዱ ነበር፤ አለባበሱ ለጋቢ የቀረበ ነው። ከአመፃቸው በኋላ የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1746 የደገኞቹን ልብስ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ እስከ 1782 ድረስም ጸና። ለንጉሡ ጦር የተሰለፈ ወታደር ግን እንዲለብሰው ተፈቀደለት። በኋላ ልብሱ የመኳንንት ጌጥ ሲሆን ስሙ በእንግሊዝኛ አፍ «ፕላይድ» ሆነና በባሕር ማዶ የመስመራም ጨርቅ መልክ መጠሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ልብሱ ተሞገሰ፤ ለባሹ ግን ከመሬቱ ተነቀለ። ስም ከሠሪውና ከለባሹ ሲነጠል መጨረሻው ይህ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ መነጠል ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍርበት ቃል «ጥበብ» ነው። በግዕዝ «ጠበበ» ማለት ብልህ ሆነ፣ ዐወቀ ማለት ነው። «ጥበብ» ዕውቀት ነው፤ «ኪነ ጥበብ» የሚለው ስያሜ ከዚሁ የተገነባ ነው። ሕዝቡ በሸማ ጠርዝ ላይ በቀለም ክር የሚሠራውን ሐረግም «ጥበብ» አለው። ይህ ስያሜ ታላቅ ፍርድ ነው፤ ሸማኔው ከፈላስፋው እኩል ዕውቀት እንዳለው የሚመሰክር ነው። ከዚሁ ሥር «ጠቢብ» የሚለው ቃል ወጣ። ዐረቦች በዚህ ቃል ሐኪምን ያከብሩበታል። በኢትዮጵያ ግን «ጠቢብ» በሕዝብ አፍ «ጠይብ» ሆነና ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ የሚሰደቡበት፣ በቡዳነት የሚጠረጠሩበት ስም ሆነ። አንድ ሥር ወደ ላይ ሲያድግ ማዕረግ፣ ወደ ታች ሲወርድ ስድብ አፈራ። ሸማኔውም አልቀረለትም፤ «ቁጢት በጣሽ» ተባለ።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መሳደብን ከልክለዋል፤ ቀጥቃጩም፣ ሸማኔውም፣ ቆዳ ፋቂውም በስም ተነሥተዋል። አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ግን ከአፍ ቢወጣም ከልብ አልወጣም። ምክንያቱም ስድቡ የባዶ አፍ ልማድ አልነበረም፤ በመሬት ላይ የቆመ ነበር። በሰሜኑ ደጋ ርስት የተነፈገው ሙስሊምና ቤተ እስራኤላዊ በሽመና፣ በቀጥቃጭነት፣ በንግድ ኖረ። በወሎና በሸዋ ገደላ ገደል ላይ የሚኖረው አርጎባም በሽመናውና በንግዱ የታወቀ ነው። ባለ ርስቱ ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን ናቀ፤ ንቀቱም መሬት አለመስጠቱን ትክክል ለማስመሰል አገለገለው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን መሠረት ናደ። መሠረቱ ከተናደ በኋላ ግድግዳው እስከ ዛሬ የቆመው ማንም በእጁ ስላልገፋው ነው።

አሁን ደግሞ ንቀቱ አዲስ ልብስ ለብሷል፤ ያም «የባህል ልብስ» የሚለው ስያሜ ነው። ስያሜው ክብር ይመስላል። ነገር ግን ሐኪም ቤት የሚለበሰው፣ ቢሮ የሚለበሰው በየስሙ ሲጠራ፣ ገበሬውና ሸማኔው የሚለብሱት ሁሉ በአንድ ስም ተጠቅልሎ ለበዓል ቀን ሣጥን ውስጥ ይገባል። ጋቢ አራት ድርብ መሆኑ፣ ነጠላ ስሙን ከ«ነጠለ» ማግኘቱ፣ ቡልኮ ከሁሉ የወፈረ መሆኑ ይረሳል። የዐውደ ርእይ አዘጋጅ «የወሎ የባህል ልብስ» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ቀሚስ ሲሰቅል ጎብኚው ምን ተማረ? የልብሱ ስም የለም፤ የክሩ ዓይነት የለም፤ የሸማኔው ስም የለም። ስም የሌለው ሥራ ደግሞ ዋጋው በሌላ ሰው ይተመናል።

በመድረክ ላይ ያለው ጥፋት ከዚህ የከፋ ነው። አማርኛ ሸማን ስለ መልበስ ብቻ ብዙ ግሶች አሉት፤ ይደርባሉ፣ ያጣፋሉ፣ ይከናነባሉ፣ ይጎናጸፋሉ፣ ያደገድጋሉ፣ ጣል ያደርጋሉ፣ ያሸርጣሉ። እያንዳንዱ ግስ አንድ የኑሮ ሁኔታ ነው። በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ያደገድጋል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ መስቀለኛ ያጣፋል፤ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ ያዞራል፤ ሽርጥ ያሸረጠው የቆላ ሰው አካሄዱ ሱሪ ከለበሰው የተለየ ነው። ሸማ እንግዲህ ዝም ብሎ የሚናገር ቋንቋ ነው። በአምባሰል ቅኝት የሐዘን እንጉርጉሮ ሲያዜም ነጠላውን ለሠርግ እንደሚሄድ የለበሰ ድምፃዊ፣ ዜማውን ጠብቆ ቃሉን አፍርሷል። ውዝዋዜው ስለ አረም ሆኖ ሳለ ሁሉም ወጣቶች አንድ ዓይነት ነጭ በነጭ ለብሰው የሚወጡበት መድረክም የወሎን ሕዝብ አያሳይም፤ የአልባሳት ክፍሉን ስንፍና ያሳያል።

የዚህ ቸልታ ዋጋ በገበያ ላይ ይታያል። የጥበብ መልክ በቀለም የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ከውጭ አገር ገብቶ በርካሽ ይሸጣል። ሻጩ «ጥበብ ነው» ይላል፤ ገዢውም «ጥበብ ገዛሁ» ይላል። ሐረጉ በማግ የተለቀመ ይሁን በቀለም የተቀባ የሚለይ ዓይን፣ ልዩነቱንም የሚጠራ አፍ ከሌለ ሸማኔው በምን ይከራከራል? ባዘቶ፣ ልቃቂት፣ እንዝርት፣ መወርወሪያ የሚሉትን ቃላት የማያውቅ ልጅ የአንድ ጥለት ድካም ስንት ቀን እንደሚወስድ ሊገምት አይችልም፤ ስለዚህ ዋጋው «ተወደደ» ብሎ ያልፋል። ስሙ የተሰረቀበት ሠራተኛ እንጀራው መሰረቁ አይቀርም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «ሸማኔው የሚፈልገው ክርና ገበያ ነው፤ የቃላት ጥናት አያበላውም» ይባላል። ክርና ገበያ እንደሚያስፈልገው እውነት ነው። ነገር ግን ገበያ የሚቆመው በስም ነው። ስሙ ያልታወቀ ዕቃ በሐሰተኛው ተተክቶ ሲወጣ ከሳሽ አይኖረውም። ሌላው ተቃውሞ «ይህ ፋብሪካን መጥላት ነው» የሚል ነው። አይደለም። በደርግ ዘመን በኮምቦልቻ የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ሆነ በ2009 ዓ.ም. በዚያው ከተማ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የወሎ ሠራተኛ የሚያድርባቸው ናቸው። ፋብሪካ ፋብሪካ፣ ሽመናም ሽመና ተብሎ ሲጠራ ሁለቱም ይከበራሉ። የሚወገዘው አንዱ የሌላውን ስም ለብሶ ሲወጣ ነው።

ስለዚህ የሥራው ድርሻ ግልጽ ነው። መምህሩ «ጥበብ» የሚለውን ቃል ሲያስተምር ከ«ጠይብ» ጋር አያይዞ ያስተምር፤ ተማሪው የስድቡን ምንጭ ሲያውቅ ስድቡ ያፍረዋል። «ቀሚስ»ንና «ሸሚዝ»ን መንትያ አድርጎ ያሳይ፤ ከአንድ ትምህርት ታሪክም፣ ጂኦግራፊም፣ ሰዋስውም ይገኛል። በየትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ያለው ሸማኔ ወደ ክፍል ተጠርቶ የመሣሪያዎቹን ስም በራሱ አፍ ይናገር፤ ተማሪዎች ይጻፉት። የመድረክ ሰው ልብስ ከማስመረጡ በፊት ግሱን ይምረጥ፤ ገጸ ባሕርዩ ያደገድጋል ወይስ ይከናነባል ብሎ ይጠይቅ። የባህል ሥራ ኃላፊው ደግሞ «የባህል ልብስ» የሚለውን ጽሑፍ ከየዐውደ ርእዩ አንሥቶ የልብሱን ስም፣ የተሠራበትን አገርና የሠሪውን ስም ይለጥፍበት። ሠዓሊ በሥዕሉ ጥግ ስሙን የሚጽፍ ከሆነ ሸማኔ የማይጽፍበት ምክንያት የለም።

ይህ ሁሉ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው ሸማውን በሚያወድስበት አፍ ሸማኔውን በስሙ መጥራት የሚችል ሰው ነው። «ኪነ ጥበብ» የሚለውን ማዕረግ በስማቸው ላይ የተሸከሙ ማኅበራት፣ መጽሔቶችና መድረኮች ቃሉን የተዋሱት ከሸማ ጠርዝ ሐረግ ከሠሪው ጋር በአንድ ሥር ነው። የተዋሰ ሰው የባለቤቱን ስም ያውቃል፤ ያስታውሳል፤ ዕዳውንም ይከፍላል።